የሰፈራችሁ እድር ጤንነቱ እንዴት ነው? ከፍተሻ እስከ ድጋፍ ጥያቄ፣ ለጅማ እድሮችና ማህበራት

ጅማ ውስጥ እድር የሌለበት ሰፈር ማግኘት ይከብዳል። መንደራ ብትሉ፣ ቦሳ ብትሉ፣ ጊንጆም ሆነ ኮቺ፣ ሰው ሲሞት ድንኳን የሚተክል፣ ወንበር የሚደረድር፣ ንፍሮ የሚቀቅል አይጠፋም። ከእድሩ ጎን የሴቶች እድር አለ። የወጣቶች የበጎ አድራጎት ማህበር አለ። አረጋውያንን የሚጠይቅ ኮሚቴ አለ። ክረምት ሲገባ የአቅመ ደካሞችን ጣሪያ የሚቀይሩትም እነዚሁ ሰዎች ናቸው።

እነሱን ግን “እናንተስ ደህና ናችሁ ወይ?” የሚላቸው የለም። ጠቅላላ ጉባኤ ይጠራል፣ ሒሳብ ይነበባል፣ ባንክ ያለው ብር ይነገራል፣ ይጨበጨባል፣ ይበተናል። ከዚያ አንድ ቀን ነገሩ ሲከብድ “ድጋፍ እንጠይቅ” ይባላል። የሚጠየቀውም ብር ነው። እኔ ባየኋቸው ብዙ ማህበራት ግን የጎደለው ብር አልነበረም። ጸሐፊው ደክሟል፣ ወይም መዝገቡ ተምታቷል፣ ወይም ደንቡ ከኑሮው ጋር መሄድ አቅቶታል። የጎደለው ሳይታወቅ የመጣ ድጋፍ ደግሞ ችግሩን ባለበት ትቶት ያልፋል። ስለዚህ መጀመሪያ ፍተሻ፣ ቀጥሎ ጥያቄ። ከታች ያለው ቅደም ተከተል ለእድር ተብሎ የተጻፈ ቢሆንም ለወጣቶች ማህበርም ለሰፈር ኮሚቴም ይሠራል።

1. ፈታሾቹን ምረጡ

አምስት ሰው ይበቃል። ከአመራሩ አንድ፣ የለቅሶ ቤት ወጥ ቤትን የምታውቅ እናት፣ አንድ ወጣት፣ በቅርብ የገባ አባል፣ እና ተከራይ ሆኖ የሚኖር አንድ ሰው። አምስቱም አመራር ከሆኑ ራሳቸውን አይፈትሹም።

ገና ሲጀመር ለአባላቱ በግልጽ ይነገር፤ ይህ ሌባ ፍለጋ አይደለም። የገንዘብ ጉድለት ከተገኘ ለኦዲተርና ለጠቅላላ ጉባኤ ይተላለፋል እንጂ እዚህ አይዳኝም። ይህ ካልተነገረ ገንዘብ ያዡ ይከፋዋል፣ መዝገቡም “ቁልፉ ጠፋ” ይባላል።

ጊዜው ላይም አስቡበት። ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ብዙ ቤተሰብ ቡና ለቀማና ንግድ ላይ ስለሆነ ሰው አይገኝም። ሰኔ 30 ሒሳብ ተዘግቶ ሐምሌ ላይ ብትጀምሩ የዓመቱ ቁጥር በእጃችሁ ይሆናል። የገበያ ቀንን ተዉት። ውይይቱ በአፋን ኦሮሞም በአማርኛም ይሂድ፤ ቃለ ጉባኤውም በሁለቱም ይነበብ። በአንዱ ብቻ ከተካሄደ ዝም ብለው ተቀምጠው የሚሄዱ አባላት ይኖራሉ። እናንተም ዝምታቸውን እንደ ስምምነት ትቆጥሩታላችሁ።

2. ወረቀቱን ሁሉ ጠረጴዛ ላይ አውጡ

የመተዳደሪያ ደንብ፣ የአባላት መዝገብ፣ የቃለ ጉባኤ ደብተር፣ የገቢ ደረሰኝና የወጪ ማስረጃ፣ የባንክ ደብተር፣ የንብረት መዝገብ፣ ማህተም። የትኛው አለ? የትኛው የለም? ያለውስ ማን ቤት ነው የሚቀመጠው? ሁሉም አንድ ሰው ቤት ከሆነ ያንን ጻፉት። አንድ እሳት ወይም አንድ ጎርፍ እድሩን ያለ ታሪክ ያስቀረዋል። የመዝገቡን ገጾች በስልክ ፎቶ አንስታችሁ ሁለት የተለያዩ ሰዎች ዘንድ ማስቀመጥ ምንም ወጪ የለውም።

ከሁሉም የአባላት መዝገቡ ላይ ቆዩ። እያንዳንዱን ስም ከአራቱ በአንዱ መድቡ፦ የሚከፍል፣ ውዝፍ ያለበት፣ ከተማ የለቀቀ፣ የሞተ። “ሁለት መቶ አባል አለን” የሚል እድር ይህን ሲሠራ ቁጥሩ ብዙ ጊዜ ይወርዳል። መደንገጥ አያስፈልግም። እውነተኛው ቁጥር ነው የሚጠቅማችሁ።

አሁን ወደ ስሌቱ። ለምሳሌ አንድ እድር 180 አባላት አሉት እንበል። ወርሃዊ መዋጮው 100 ብር ነው። ሁሉም ቢከፍል በዓመት 216,000 ብር ይገባል። ከአምስቱ አንዱ ካልከፈለ ግን የሚገባው 172,800 ነው። ለአንድ ለቅሶ 15,000 ብር ይከፈላል፤ ለመጋዘን ኪራይ፣ ለለፋፊና ለጥገና በዓመት 24,000 ይወጣል። በዓመት ዘጠኝ ለቅሶ ካለ ወጪው 159,000 ነው፤ 13,800 ይተርፋል። አሥረኛ ለቅሶ ከመጣ ወጪው 174,000 ይደርስና እድሩ ከመጠባበቂያው መብላት ይጀምራል። ሁሉም አባል ቢከፍል ግን በዚያው በአሥር ለቅሶ 42,000 ብር ይተርፍ ነበር።

ይህ እድር የብር ድጋፍ ነው የሚያስፈልገው? አይደለም። መዋጮ መሰብሰብ ነው የከበደው። የእናንተን ቁጥር ለሦስት ዓመት በዚህ መንገድ አስሉት። የአንድ ዓመት ቁጥር ያሳስታል፤ ለቅሶ የሚበዛበትም የሚቀልበትም ዓመት አለ።

ውዝፉ ለምን እንደተጠራቀመ ደግሞ ሰዎቹን ጠይቁ። ጅማና ዙሪያዋ የብዙ ሰው ገቢ ከቡና ጋር ይወጣል ይወርዳል። በየወሩ ከመክፈል ቡና ሲሸጥ የስድስት ወሩን አንዴ መክፈል የሚቀለው ቤተሰብ አለ። ሌላው እሑድ ጠዋት ሥራ ላይ ስለሆነ ነው የማይመጣው፤ በቴሌብር ወይም በባንክ ይክፈል ብትሉት ይከፍላል። ቅጣት መጨመር የመጨረሻው መፍትሔ ይሁን። ቅጣት የተቆለለበት ሰው ዕዳውን ከመክፈል ይልቅ ከእድሩ ይቀራል።

3. ደንቡ የሚከፍለውን ከእውነተኛው ወጪ ጋር አነጻጽሩ

ሐምሌ 2016 የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ብር ብዙ ዋጋ አጥቷል። ደንባችሁ ላይ ያለው የለቅሶ ክፍያ ግን ከዚያ በፊት የተጻፈው ሊሆን ይችላል። ለማወቅ አንድ ነገር አድርጉ። በቅርብ ሐዘን ያለፈበት ቤተሰብ ፈቃደኛ ከሆነ፣ ጊዜ ሰጥታችሁ፣ ወጪውን አብራችሁ ደምሩ። ከፈን ወይም ሳጥን፣ የመቃብር ቁፋሮ፣ መኪና፣ ንፍሮ፣ ዳቦ፣ ሻይና ቡና፣ ውሃ። እድሩ የሸፈነው ከዚህ ስንት እጁ ነው? ሩብ እንኳ ካልሆነ ለአባላቱ ይነገር። ከዚያ ምርጫው የአባላቱ ነው፤ መዋጮ ይጨምሩ፣ ወይም ገንዘቡን ትተው በዓይነት፣ ማለትም በድንኳን፣ በእህልና በጉልበት ይርዱ።

አንድ ሌላ ነገር። ጅማ ውስጥ ክርስቲያንና ሙስሊም አንድ እድር ውስጥ አብረው የሚኖሩባቸው ሰፈሮች ብዙ ናቸው። የሙስሊም ቀብር አይቆይም፤ ከተቻለ በዚያው ቀን ይፈጸማል። ሰው እሑድ ጠዋት ቢያርፍ ባንክ ዝግ ነው። ሁለት ፈራሚ የሚጠይቀው ሒሳብ ሰኞ ነው የሚከፈተው። ስለዚህ የአንድ ለቅሶ ክፍያ ያህል ገንዘብ በፊርማ ገንዘብ ያዡ እጅ እንዲቆይ ደንቡ ይፍቀድ። ካልፈቀደ ገንዘብ ያዡ ከኪሱ እያበደረ ነው ማለት ነው። ይህን ጠይቁት፤ ብዙ ጊዜ ራሱ አያወራውም።

4. የሚሠሩትን ሰዎች ጠይቁ

እዚህ ላይ አትቸኩሉ። ማህበር የሚፈርሰው በአብዛኛው ሁሉን የተሸከሙት ሁለት ሦስት ሰዎች ሲደክሙ ነው። እነሱ ደግሞ ደከመኝ አይሉም። “ለሰፈር ነው” ይላሉ። “እግዜር ይከፍለኛል” ይላሉ። እስኪታመሙ ድረስ።

ስለዚህ በስብሰባ አትጠይቋቸው። አንድ ሰው ቤታቸው ይሂድ፣ ቡና ይጠጣ፣ በአክብሮት ይጠይቅ። “ኦቦ፣ ባለፈው ወር ለእድሩ ሥራ ስንት ቀን ወጡ? ከኪስዎ ምን ያህል አወጡ? ለታክሲ፣ ለካርድ? ሌሊት ስልክ ሲደወል የሚነሱት ሁልጊዜ እርስዎ ነዎት? ይህን ሥራ ለሌላ ሰው አስረክቡ ቢባል ለማን ያስረክባሉ?” የመጨረሻው ጥያቄ ላይ ዝም ካሉ፣ ወይም “ማን አለ ብለህ ነው” ካሉ፣ ትልቁን ችግራችሁን አገኛችሁት።

ለእያንዳንዱ ኃላፊነት፣ ከዳኛው እስከ ለፋፊው፣ ይህን አንድ ጥያቄ መልሱ፦ ይህ ሰው ለአንድ ወር ቢታመም ነገ ጠዋት ሥራውን የሚሠራው ማነው? ስም ከሌለ ክፍት ቦታ ነው። የድንኳኑ መጋዘን ቁልፍም ያው ነው፤ አንድ ሰው ብቻ ከያዘው፣ እሱ አዲስ አበባ በሄደበት ቀን ሰው ያርፋል።

መፍትሔው ውድ አይደለም። ለጸሐፊውና ለገንዘብ ያዡ ምክትል ምረጡ፤ ምክትሉ ለሦስት ወር አብሮ እየጻፈ ይልመድ። ወጣት ቢሆን ይመረጣል፤ ነገር ግን ወጣቱን ወንበር እንዲሸከም ብቻ አትጥሩት። መዝገቡን ስጡት፣ ሲሳሳትም በእርጋታ አርሙት። የትራንስፖርትና የስልክ ወጪ በመተዳደሪያ ደንቡ ውስጥ ተጽፎ ይከፈል። የአገልግሎት ዘመን ይገደብ፤ የደከመ ሰው ሳይፍር የሚወጣበት በር ያስፈልገዋል። ሲወጣም በጉባኤ ፊት ይመስገን። ምስጋና ሳይሰማ ተኪው የተመረጠበት ሰው ልቡ ይሰበራል።

የወጥ ቤቱን ጉዳይ ለብቻው ተመልከቱ። ለቅሶ ቤት ሦስት ቀን ቆመው የሚያበስሉት እናቶች በብዙ እድር ደንብ ውስጥ ስማቸው እንኳ የለም። ጀርባቸው በትልቅ ብረት ድስት ማንሳት ይጎዳል። ዓይናቸውና ሳንባቸው በጭስ ይጎዳል። አዴ እከሊትን “ምን ይቅለልልዎት?” ብላችሁ ጠይቋት። መልሷ ተግባራዊ ነው የሚሆነው፦ ድስቱን በሁለት ሰው የሚያነሱበት እጀታ፣ ከመሬት ከፍ ያለ ምድጃ፣ ከጭሱ በላይ ክፍት የሆነ ሸራ፣ ውሃ የሚቀዱ ሁለት ጎረምሶች። ለክርስቲያንና ለሙስሊም የሚለዩት ዕቃዎችም በቀለም ምልክት ይደረግባቸው፤ በግርግር ሰዓት ማን የማንን ድስት ያዘ የሚል ጭቅጭቅ ይቀራል።

ሌሊት ሐዘንተኛ የሚያድርበት ቤት ውስጥ ከሰል በተዘጋ ክፍል አይኑር። የከሰል ጋዝ ሽታ የለውም፤ ሰው ተኝቶ ሳለ ይገድላል። ይህን ደንብ አድርጉት፤ የሚያስፈጽመው ሰውም በስም ይታወቅ።

5. ዕቃውን ቁጠሩ

ይህ በአንድ እሑድ ያልቃል። ወንበር፣ ሰሃን፣ ድስት፣ ጀሪካን፣ ድንኳን፣ ምሰሶ፣ ካስማ፣ ገመድ። ያለው፣ የተሰበረው፣ ሰው ቤት የቀረው።

የድንኳን ጠላቱ የጅማ ዝናብ ነው። እርጥብ ድንኳን ተጠቅልሎ መጋዘን ከገባ ይሻግታል፤ ስፌቱ ይበሰብሳል፤ ቀጥሎ ሲዘረጋ ማጠፊያው ላይ ይተረተራል። ዝናብ ላይ ከተነቀለ በማግስቱ ፀሐይ ሲወጣ ተዘርግቶ ይድረቅ፤ መጋዘን ውስጥም ከወለል ከፍ ብሎ ጣውላ ላይ ይቀመጥ። አዲስ ድንኳን የሚጠይቅ ማመልከቻ ከመጻፋችሁ በፊት የድሮው ለምን እንደተቀደደ እወቁ።

6. ማን ቀርቷል?

መዝገቡ የማያሳየውን ለማየት ሰፈሩን በእግር ዙሩ። በየጎዳናው ማን አባል አይደለም? ለምን? ተከራይ “ነገ እለቃለሁ” ብሎ ቀርቶ ይሆናል። መግቢያ ገንዘቡ ከብዶት ይሆናል። ብቻቸውን የሚኖሩ አረጋዊት መዋጮ አቅቷቸው አፍረው ቀርተው ይሆናል። በኤችአይቪ ዘመን ብዙ እድሮች ከቀብር አልፈው የታመመ መጠየቅና ወላጅ አልባ ሕፃናትን መደገፍ የጀመሩት እንዲህ ቤት ለቤት ሄደው አይተው ነው።

መክፈል የማይችሉ አባላትን ነፃ የሚያደርግ አንቀጽ ደንባችሁ ውስጥ ይኑር። ስማቸው ግን በጉባኤ አይነበብ። ሦስት ሰው ቢያውቀው ይበቃል።

7. የተገኘውን በሦስት ክምር ለዩ

አንደኛው፣ ራሳችን ዛሬ የምናደርገው፦ ምክትል መምረጥ፣ መዝገብ ማጥራት፣ ድንኳን ማድረቅ፣ የቁልፍ ቅጂ ማስቀረጽ። ሁለተኛው፣ ከጎረቤት እድር ጋር የምናደርገው፦ ወንበርና ትልቅ ድስት መዋዋስ፣ መጋዘን በጋራ መከራየት፣ አንዱ የሌላውን ሒሳብ መመርመር። ሦስተኛው፣ ከውጭ የምንጠይቀው። ቅደም ተከተሉን ጠብቁ፤ ሦስተኛው ክምር አጭር እንዲሆን የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን አሟጥጣችሁ ሥሩባቸው።

ሁለተኛውን ክምር ሰው ይንቀዋል። የጎረቤት እድር ጸሐፊ የእናንተን መዝገብ ግማሽ ቀን ቢያየው፣ ከየትኛውም ሥልጠና በላይ ትማራላችሁ። እሱ ሥራውን በእጁ ያውቀዋል።

8. ምን ከማን ይጠየቃል?

ለሒሳብ አያያዝና ለመዝገብ፦ ጅማ ዩኒቨርሲቲ አጠገባችሁ ነው። በ1992 ዓ.ም የጤና ሳይንስ ኢንስቲትዩቱና የእርሻ ኮሌጁ ተዋህደው ሲመሠረት፣ ተማሪን ማህበረሰብ ውስጥ አውጥቶ የማስተማር ልማድ አብሮት መጥቷል። የሒሳብ ወይም የማኔጅመንት ትምህርት ክፍልን በደብዳቤ ጠይቁ። ጥያቄያችሁ የተወሰነ ይሁን፤ “የአባላት መዝገባችንን ወደ ኮምፒውተር የሚያስገቡና ምክትል ጸሐፊያችንን የሚያሠለጥኑ ሁለት ተማሪዎች” የሚል ጥያቄ “ትብብር እንጠይቃለን” ከሚለው በቶሎ መልስ ያገኛል። ደንብ ለማሻሻል ደግሞ የሕግ ትምህርት ቤቱን ጠይቁ።

ለጤና፦ የቀበሌያችሁን የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ ጋብዙ። ስለ ወጥ ቤት ንጽሕናና ስለ ደም ግፊት ምርመራ በእሑድ ስብሰባ ላይ ሃያ ደቂቃ ብትሰጧት ትመጣለች። ስለ ማህበረሰብ አቀፍ ጤና መድንም ጠይቋት። መድኑ በ2003 ዓ.ም በ13 ወረዳዎች ሲሞከር አንዷ የጅማ ዞኗ ሊሙ ኮሳ ነበረች፤ ስለዚህ ለአካባቢያችን እንግዳ አይደለም። መክፈል ለማይችሉ ቤተሰቦች መዋጮውን መንግሥት የሚሸፍንበት አሠራር አለው። እናንተ በፍተሻው ያገኛችኋቸውን አረጋውያን ስም ይዛችሁ ቀበሌ መሄድ ትችላላችሁ። እድር ለቀብር ብቻ ሳይሆን በሕይወት ሳሉ ሲደርስላቸው ደስ ይላል።

ለቦታና ለመጋዘን፦ ቀበሌ። ለሁለት ፈራሚ ሒሳብ፦ ባንክ፤ ቃለ ጉባኤና ማህተም ይዛችሁ ሂዱ።

ስለ ሕጉ በአጭሩ። የሲቪል ማህበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113/2011 እድርንና እቁብን አይመለከትም። የወጣቶች በጎ አድራጎት ማህበር ሆናችሁ ፕሮጀክት ነድፋችሁ ከለጋሽ ገንዘብ መቀበል ከፈለጋችሁ ግን ምዝገባ ያስፈልጋችኋል። ሥራው በአንድ ክልል የተወሰነ ማህበር የሚመዘገበው በክልሉ ሕግ ነው፤ ስለዚህ ጥያቄያችሁን ይዛችሁ ወደ አዲስ አበባ ከመሮጣችሁ በፊት ከኦሮሚያ ጀምሩ። በእድራችሁ ስም ብቻ የውጭ ለጋሽ ገንዘብ አትቀበሉ።

9. ደብዳቤውን ጻፉ

አንድ ገጽ ይበቃል። ማን እንደሆናችሁ፣ ምን እንዳገኛችሁ በቁጥር፣ ራሳችሁ ምን እንደምታዋጡ፣ ምን እንደምትጠይቁ፣ መቼ እንደሚያልቅ። በላይ ያየነው እድር ቢጽፍ እንዲህ ይሆናል፦

“ጉዳዩ፦ የመዝገብ አያያዝ ሙያዊ ድጋፍ ስለመጠየቅ። እድራችን 180 አባላት አሉት። ባደረግነው ፍተሻ 36 አባላት መዋጮ እያዋጡ እንዳልሆነ፣ ለዚህም አንዱ ምክንያት መዝገባችን ለረጅም ጊዜ አለመታደሱ መሆኑን አይተናል። መዝገቡን ለማደስ ቤት ለቤት የሚዞሩ አራት አባላት መድበናል፤ ለወረቀትና ለሕትመት የሚያስፈልገውንም እንሸፍናለን። የጎደለን የሙያ እገዛ ነው። ሁለት ተማሪዎች ለስምንት ቅዳሜ እንዲመደቡልን እንጠይቃለን። ሥራው ሲያልቅ የአንድ ገጽ ሪፖርት እናቀርባለን።”

“ከፍተኛ ችግር ላይ ስለምንገኝ” አይልም። ልመና ሳይሆን ሥራ ነው የያዘው።

ድጋፍ ሲመጣም ሁሉንም አትቀበሉ። ለሰጪው ፎቶ እንጂ ለእናንተ ሥራ የማይጠቅም ዕቃ አለ። አባላት በሃይማኖት ወይም በፖለቲካ እንዲለያዩ የሚያደርግ ቅድመ ሁኔታ ያለው ገንዘብ አለ። ለአንድ ጊዜ ተሰጥቶ ለዘወትር ወጪ የሚዳርግም አለ፤ ለምሳሌ ቋሚ ጥበቃ የሚፈልግ ንብረት። በአክብሮት “እግዜር ይስጥልን፣ ይህኛው ግን አሁን አይሆነንም” ማለት ይቻላል። ውሳኔው በቃለ ጉባኤ ይስፈር።

10. ውጤቱን ለአባላት አቅርቡ

ፈታሾቹ ያገኙትን በአንድ ወር ውስጥ ለጉባኤ ያንብቡ። መጀመሪያ ደህና የሆነውን ተናገሩ፤ ማህበሩ እስከ ዛሬ የቆመው በእሱ ነው። ቀጥሎ ሦስት ችግር ብቻ ምረጡ። አሥራ አምስት ችግር ያነበበ ኮሚቴ አንዱንም አይፈታም። ለእያንዳንዳቸው የሰው ስምና የቀን ገደብ ጻፉ።

ከዚያ በየሦስት ወሩ ጸሐፊው ሦስት ቁጥር ለአመራሩ ያሳውቅ፦ ስንት አባል መዋጮውን አሟልቷል፣ መጠባበቂያው ስንት ለቅሶ ይሸፍናል፣ ስንት ኃላፊነት ምክትል የለውም። ሦስተኛው ቁጥር ዜሮ ሳይደርስ አዲስ ሥራ አትጀምሩ፤ የቤት እድሳቱም ሆነ የአረጋውያን ምገባው ትንሽ ይቆይ። አሁን ባለው የቃለ ጉባኤ ደብተራችሁ የመጨረሻ ገጽ ላይ ለሦስቱ ቁጥሮች መስመር አስምሩና የመጀመሪያውን በመጪው እሑድ ሙሉት።